ከጣና ዳር እስከ ባሕር ማዶ ንባብ ክፍል፦ አንድ የምርምር ፌሎሺፕ ሁለት ጊዜ ሲጠየቅ

ይህ የጉዳይ ጥናት ባሕር ዳር የምትኖር አንዲት የግእዝ ሥነ ጽሑፍ መምህርት በአሜሪካ ከሚገኝ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የጎብኚ ተመራማሪ ፌሎሺፕ ለማግኘት ያለፈችበትን ሂደት ይመረምራል። ፌሎሺፑ በቤተ መጻሕፍቱ ልዩ ስብስብ ውስጥ መሥራት ለሚፈልጉ የውጭ ተመራማሪዎች የሚሰጥ ነው፤ ቆይታው 4 ሳምንት፣ ድጋፉ 4,000 ዶላር። የመጀመሪያው ማመልከቻዋ ወደቀ፤ በተከታዩ ዓመት ያቀረበችው አለፈ። በመካከሉ ርእሷም የትምህርት ደረጃዋም አልተለወጠም። በዋናነት የተለወጠው ለአንድ ጥያቄ የሰጠችው መልስ ነው፦ ይህን ሥራ ለመሥራት የግድ ወደዚህ ቤተ መጻሕፍት መምጣት ለምን አስፈለገ? የመምህርቷንም የቤተ መጻሕፍቱንም ስም እዚህ አናነሣም።

ጥያቄው ለማንኛውም አመልካች ይቀርባል፤ ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ግን ይብስበታል። የሐይቁ ገዳማት በብራና ሀብታቸው የታወቁ ናቸው። እዚያው አጠገብ የሚኖር ሰው ጥቂት ብራና ለማየት ውቅያኖስ ልሻገር ሲል ገምጋሚው «ደጃፍሽ ላይ ያለውስ?» ማለቱ አይቀርም። መምህርቷ በመጀመሪያው ዓመት ይህን ጥያቄ ጨርሶ አላነሣችውም፤ ሌላ ሰው እንደሚያነሣውም አላሰበችም።

ደጃፍ ላይ ያለው የማይደረስበት ሲሆን

የመምህርቷ ጥናት በብራና መጻሕፍት መግቢያና መጨረሻ ቅጠሎች እንዲሁም በጠርዝ ላይ የሚጻፉ የስጦታ፣ የባለቤትነትና የጉልት (የመሬት ስጦታ) ማስታወሻዎችን ይመለከታል። አንድ ወንጌል ለየትኛው ገዳም እንደተሰጠ፣ ማን እንዳጻፈው፣ ምን ያህል መሬት አብሮት እንደተሰጠ የሚነግሩን እነዚህ ማስታወሻዎች ናቸው። ብዙዎቹ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» (የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን) በሚል ግዝት ይዘጋሉ። ግዝቱ ባለበትም ስሙ ተፍቆ የሌላ ስም የተተካበት መጽሐፍ ሞልቷል። የእርሷ ዋና ጥያቄ እዚህ ላይ ነው፦ ከጣና ዙሪያ የወጡ መጻሕፍትን የቀድሞ ባለቤት ከተፋቀው ስም ሥር ማንበብ ይቻላል ወይ?

በሐይቁ ላይ የምትችለውን ያህል ሠርታለች። ከሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ይዛ በዘጌ ልሳነ ምድር ዑራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን፣ በደቅ ደሴት ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን አይታለች። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን በገዳሙ ሥርዓት ሴት አይገባባቸውም። የክብራንና የዳጋ መጻሕፍት ለእርሷ በፊልም ብቻ የሚገኙ ናቸው። ጀርመናዊው ኧርንስት ሐመርሽሚት የጣናን መጻሕፍት በማይክሮፊልም ያነሣው በ1968 እና በ1969 እ.ኤ.አ. ነበር። የክብራኑ ካታሎግ በ1973፣ የደብረ ማርያምና የሬማው በ1977፣ የዳጋው በቬሮኒካ ሲክስ አዘጋጅነት በ1999 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ሁሉም በጀርመንኛ ነው። ከዚህ ሌላ በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ከመላ አገሪቱ ከ9,000 በላይ ጥራዞች ያነሣ ሲሆን፣ ሚኒሶታ ያለው የሂል ቤተ መዘክር ብዙውን በኢንተርኔት በነፃ እንዲታይ አድርጎታል። ተመዝግቦ መግባት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ምስል እያለ ዋናውን ጥራዝ ማየት ለምን? ሁለተኛው ማመልከቻ ገምጋሚዎቹን የረታው በዚህ ጥያቄ መልስ ስለሆነ ዘርዘር አድርገን እናየዋለን።

የያኔው ማይክሮፊልም ጥቁርና ነጭ ነው። ቀይና ጥቁር ቀለም በፊልሙ ላይ እምብዛም አይለዩም። ስም የሚጻፍበት ቀይ ቀለም ከኋላ በሌላ እጅ በተጨመረ ጥቁር ስም ቢተካ ፊልሙ ሁለቱንም ግራጫ አድርጎ ያሳያል። የተፋቀ ቦታም እንዲሁ ነው፤ የብራናው ገጽ መሻከሩና መሳሳቱ የሚታወቀው ቅጠሉን ወደ መስኮት ዘንበል አድርገው ሲያዩት፣ ወይም ከጎን ዝቅ ብሎ በሚመጣ ብርሃን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጥራዙ ራሱ ነው። የኢትዮጵያ ብራና በብዛት አራት ወይም አምስት ድርብ ቅጠል እየታጠፈ በሚሠራ ክፍል፣ ማለትም 8 ወይም 10 ቅጠል ባለው፣ ይጠረዛል። የስጦታ ማስታወሻ የተጻፈበት ቅጠል የመጀመሪያው ክፍል አካል ከሆነ ማስታወሻው ስለ መጽሐፉ ይመሰክራል። ነጠላ ቅጠል ሆኖ ኋላ የተሰፋ ከሆነ ግን ከሌላ መጽሐፍ ተቀዶ የመጣ ሊሆን ይችላልና ምስክርነቱ ይላላል። በተለይ በገበያ በኩል ወደ ውጭ የወጡ መጻሕፍት ላይ ይህ ደጋግሞ ያጋጥማል፤ ሻጭ ያማረ ቅጠል መጨመር ይወዳል። ምስል የሚያሳየው ገጹን ነው፤ ክሩ የሚያልፍበትን የእጥፋት መካከል ግን ማየት የሚቻለው መጽሐፉን በእጅ ይዞ ነው።

ሦስተኛው የቀለም ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ አመልካች ይሳሳታል። የተፋቀ ጽሑፍ ሲባል ሁሉም «አልትራቫዮሌት መብራት» ይጽፋል። አልትራቫዮሌት ጥሩ የሚሠራው ብረት ባለበት የአውሮፓ ቀለም ላይ ነው፤ ቀለሙ ቢፋቅም ብራናው የጠጣው ብረት በመብራቱ ሥር ጠቁሮ ይወጣል። የእኛ ጥቁር ቀለም አብዛኛው ጥላሸት ነው፤ ብራናው ውስጥ ስለማይሰርግ ሲፋቅ ተጠራርጎ ይሄዳል። ለጥላሸት የሚሻለው የቀረው ብናኝ ጠቁሮ የሚታይበት ኢንፍራሬድ ካሜራ ነው፤ ከእርሱ ጋር የጎን ብርሃን። መምህርቷ በሁለተኛው ማመልከቻዋ ይህን በሦስት ዐረፍተ ነገር ጽፋ ቤተ መጻሕፍቱ የጥገና ክፍል ውስጥ ኢንፍራሬድ መሣሪያ እንዳለው አስቀድማ በኢሜይል ማረጋገጧን ጨመረች። ገምጋሚዎቹ ኋላ ለይተው ያነሡት ይህን አንቀጽ ነበር። ሥራው በምስል እንደማይሠራ፣ ባሕር ዳርም ሆኖ እንደማይሠራ፣ እዚያ ግን እንደሚሠራ በአንድ ጊዜ አሳይቷቸዋል።

የመጀመሪያው ማመልከቻ ለምን ወደቀ

የመጀመሪያው የፕሮጀክት መግለጫ «በቤተ መጻሕፍቱ የሚገኙ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በጥልቀት ለማጥናት» በሚል ይጀምርና ስለ ግእዝ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ አንድ ገጽ ተኩል ይተርካል። የተፈቀደው 1,000 ቃል ነበር። ከዚያ ውስጥ ስለ ስብስቡ የተናገረው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ የአንድም መጽሐፍ መለያ ቁጥር አልተጠቀሰም። እንዲህ ዓይነት ፌሎሺፕ የሚሰጠው ለጥሩ ርእስ ሳይሆን በርእሱና በስብስቡ መካከል ላለው ግንኙነት ነው። ርእሱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ መለያ ቁጥር የሌለበት ማመልከቻ ካታሎጉን ሳይከፍቱ የተጻፈ ነው ተብሎ ይቆጠራል። ብዙ ጊዜ ግምቱ ትክክል ነው።

ሁለተኛው እንከን ከርእሱ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ለእኛ አገር አመልካቾች ግን ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ነው። ጥሪው ዶክትሬታቸውን ከያዙ 6 ዓመት ላልሞላቸው ብቻ ነበር። የዲግሪ ማረጋገጫ ደብዳቤዋ ትርጉም «2012» ይላል፤ ዓ.ም. የሚለው አልተተረጎመም። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 2012 ማለት በእነርሱ 2020 ነው። የማመልከቻውን ብቁነት የሚያጣራው ሠራተኛ ግን እንደ ራሱ አቆጣጠር አንብቦ ገደቡን ካለፉት ጋር መደባት። በሁለተኛው ዙር በእያንዳንዱ ቀን አጠገብ የፈረንጁ ቀን ተጻፈ፤ በሥራ ልምድ ደብዳቤውም፣ በድጋፍ ደብዳቤዎቹም ላይ ጭምር።

የስም ጉዳይም እንዲሁ ነው። ፓስፖርት ላይ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም አለ፤ ቅጹ ግን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። አንዱ መስካሪ (የድጋፍ ደብዳቤ ጸሐፊ) የአባቷን ስም፣ ሌላው የአያቷን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ጻፉ፤ «ፀ»ን አንዱ በሁለት ፊደል፣ ሌላው በአንድ ፊደል ጻፈው። ኋላ ቪዛ ላይ የሚያስቸግረው ይህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ማመልከቻውን ከመጀመርዎ በፊት ፓስፖርቱ ላይ ያለውን አጻጻፍ ለሁሉም መስካሪ ልኮ «በዚህ ብቻ» ማለት።

ዝርዝሩን ማሳጠር

ለሁለተኛው ዙር መምህርቷ መጀመሪያ ያደረገችው ለስብስቡ ኃላፊ መጻፍ ነው። ኢሜይሉ ሰባት መስመር ነበር፤ ማን እንደሆነች፣ ምን ዓይነት ማስታወሻ እንደምትፈልግ፣ በካታሎጉ ውስጥ «የጸሎት መጽሐፍ፣ ግእዝ፣ 18ኛ መቶ ዘመን መሰል» ተብለው በጥቅሉ የተመዘገቡትን ጥራዞች መለያ ቁጥር ጠቅሳ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቅጠላቸው በስልክ ካሜራም ቢሆን እንዲነሣላት ጠየቀች። ኃላፊዎች እንዲህ ያለውን ጥያቄ ይወዳሉ። ግእዝ የሚያነብ ሰው በአብዛኛው ስለሌላቸው የራሳቸውን ካታሎግ እርግጠኛ ሆነው አያምኑትም። ከተላኩላት ፎቶዎች አንዱ ዳዊት ተብሎ የተመዘገበው ድርሳን መሆኑን አሳየ። ያንን በትሕትና ነገረቻቸው። ማመልከቻዋ ከመግባቱ በፊት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሥራዋን የሚያውቅ ሰው ነበራት ማለት ነው።

ካታሎጉ ውስጥ 41 ጥራዞች ርእሷን ይነካሉ። ሁሉንም ብትጽፍ ማመልከቻው የምኞት ዝርዝር ይሆን ነበር። በሰዓት ቆጥራ ቀነሰቻቸው። 4 ሳምንት 20 የሥራ ቀን ነው፤ አንዱ ለምዝገባና ለደንብ ማብራሪያ፣ አንዱ ለሕዝብ በዓል ይሄዳል። በቀሪው 18 ቀን ንባብ ክፍሉ ከተከፈተበት እስከሚዘጋበት፣ የምሳና መጽሐፍ ጠብቆ የመቆያው ጊዜ ሲቀነስ፣ 6 ሰዓት ያህል ንጹሕ ሥራ ይገኛል። ድምሩ 108 ሰዓት። አንድን የ150 ቅጠል ጥራዝ ክፍሎቹን ቆጥሮ፣ ቅጠሉን ለክቶ፣ እጆቹን ለይቶ፣ ማስታወሻዎቹን ገልብጦ ለመጨረስ 10 ሰዓት ይፈጃል፤ ማስታወሻዎቹን ብቻ ለመቅዳት 4 ሰዓት ይበቃል። ስለዚህ 6 ጥራዝ በሙሉ፣ 8 ጥራዝ በከፊል፣ በጠቅላላው 92 ሰዓት፤ የቀረው 16 ሰዓት የተጠራጠሩትን ተመልሶ ለማየት። ይህ ስሌት በሠንጠረዥ ማመልከቻው ውስጥ ገባ። ገምጋሚዎች በማመልከቻ ውስጥ እምብዛም የማያገኙት ነገር ይህ ነው፤ ብዙ አመልካች ጊዜውን በሳምንት ከፋፍሎ «አንደኛ ሳምንት፦ መረጃ መሰብሰብ» ይላል።

ከ14ቱ አንዱ ጥገና ላይ ስለነበር አይወጣም፤ ሦስቱ ከከተማው ውጭ ባለ መጋዘን ስለሚቀመጡ ከሦስት የሥራ ቀን በፊት መጠየቅ አለባቸው። ሁለቱ ደግሞ ዲጂታል ሆነዋል ተብሎ ዋናቸው የሚፈቀደው በምክንያት ብቻ ነው። ሦስቱም ነገሮች የታወቁት በኢሜይል ነው። ሳያውቁ የሄዱ ሰዎች የመጀመሪያውን ሳምንት በመጠበቅ ያሳልፋሉ።

የማቅረቢያው ሰዓት እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው በአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት ነበር። በጥር ወር ይህ ለእኛ በማግሥቱ ከጠዋቱ 1:59 ነው፤ በበጋ ሰዓታቸው ቢሆን 12:59 ይሆናል። ልዩነቱን አስልቶ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት መጠበቅ አይመከርም፤ መብራትም ኢንተርኔትም ለጥሪ ቀን አይታዘዙም። እርሷ ከሳምንት በፊት አስገባች። የመስካሪዎቹ ማስገቢያ ሊንክ ግን አንደኛው ዘንድ ከማይፈለጉ መልእክቶች ጋር ተደባልቆ ቀርቶ ነበር፤ ደውላ ባታስታውሳቸው ኖሮ ማመልከቻው ጎደሎ ሆኖ ይዘጋ ነበር። መስካሪው በዕድሜ የገፉ መምህር ናቸው፤ ሊንኩን ከፍቶ የሚሰቅልላቸው ሰው መላክ ነበረባት።

ገንዘቡና ቪዛው

4,000 ዶላር ሙሉ በሙሉ እጅ አይገባም። ለጄ-1 (የልውውጥ ጎብኚ) ቪዛ ባለቤት ከምርምር ድጋፍ ላይ የሚቆረጠው የአሜሪካ ግብር በአብዛኛው 14 በመቶ ነው፤ በሌላ ቪዛ ከሆነ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት በስምምነት ነፃ መውጣት የለም። 14 በመቶው 560 ዶላር ነው፤ 3,440 ይቀራል። የቪዛ ማመልከቻ 185፣ የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎችና የልውውጥ ጎብኚዎች መዝገብ) ክፍያ 220፣ ድምሩ 405 ዶላር ከመሄድ በፊት ከኪስ ይወጣል። የጄ-1 ደንብ የጤና ዋስትናም ያስገድዳል፤ ለአንድ ሕመም ወይም አደጋ ቢያንስ 100,000 ዶላር፣ ለሕክምና ማጓጓዣ 50,000፣ አስከሬን ለመመለስ 25,000 የሚሸፍን መሆን አለበት። ቲኬትና ማደሪያ ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ቤተ መጻሕፍቱ በተለምዶ የሚከፍለው ተመራማሪው ከደረሰ በኋላ ነው። ለደመወዝተኛ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የውጭ ምንዛሪ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር፣ ይህ ድጋፉን ከነጭራሹ ሊያስቀር ይችላል። መምህርቷ ገና ማለፏን የሚገልጸው ደብዳቤ እንደደረሳት ሁለት ነገር ጠየቀች፦ ቲኬቱን ቤተ መጻሕፍቱ ገዝቶ ከድጋፉ ላይ እንዲቀንስ፣ ማደሪያውም በዩኒቨርሲቲው የእንግዳ ማረፊያ እንዲያዝ። ሁለቱም ተፈቀዱ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ቤተ መጻሕፍቶች ይህን ለማድረግ አሠራር አላቸው፣ ሳይጠየቁ ግን አያነሡትም።

ለጄ-1 ቪዛ የሚያስፈልገው ዲኤስ-2019 የሚባለው ሰነድ ሲመጣ የተመደበችበት ዘርፍ «የምርምር ምሁር» ነበር። በዚህ ዘርፍ ያለፈ ሰው ፕሮግራሙ ካበቃ በኋላ በዚያው ዘርፍ ለመመለስ 24 ወር መጠበቅ አለበት። ለ4 ሳምንት ቆይታ ሁለት ዓመት መታገድ ማለት ነው። እስከ 6 ወር የሚያስቆየው «የአጭር ጊዜ ምሁር» ዘርፍ ይህ እገዳ የለበትም። በኢሜይል ጠይቃ ሰነዱ ተለወጠ። ቤተ መጻሕፍቱ ይህን ሆን ብሎ አላደረገውም፤ ሰነዱን የሚያዘጋጀው የዩኒቨርሲቲው የውጭ እንግዶች ቢሮ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ለዓመት ከሚመጡ ተመራማሪዎች ጋር ስለሆነ ዘርፉ በልማድ ይሞላል። ሰነዱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል አንድ መሆኑንም አብራ አረጋገጠች።

ለኤምባሲው ቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ ስትሄድ የያዘችው ዋናው ወረቀት ከዩኒቨርሲቲዋ ያገኘችው የፈቃድ ደብዳቤ ነው፤ ከመቼ እስከ መቼ እንደተፈቀደላት፣ ደመወዟ እንደሚቀጥል፣ ስትመለስ የምታስተምራቸው ኮርሶች የትኞቹ እንደሆኑ የሚገልጽ።

ንባብ ክፍሉ ውስጥ

እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይገባም፤ ቦርሳና ኮት ውጭ ይቀመጣል። መጽሐፉ በስፖንጅ ትራስ ላይ ይከፈታል፤ የእኛ ጥራዞች የእንጨት ገበታቸው ጠንካራ፣ ስፌታቸው ግን ያረጀ በመሆኑ ከሚችለው በላይ ከተከፈተ ክሩ ይበጠሳል። ጓንት አይጠየቅም፤ ለብራና የሚሻለው ታጥቦ የደረቀ እጅ ነው፣ ጓንት ጣትን ያደነዝዝና ቅጠል ያስቀድዳል። ፎቶ ያለ ፍላሽ ይፈቀዳል፤ ለኅትመት ግን ለእያንዳንዱ ምስል ተለይቶ ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

ዘመን መለየቱ ላይ የባሕር ዳር ዕውቀቷ ዋጋ አገኘ። «በመንግሥተ ንጉሥነ ኢያሱ» የሚል ብቻውን የቆመ ማስታወሻ ቀዳማዊውን ኢያሱንም (1682–1706 እ.ኤ.አ.) ዳግማዊውንም (1730–1755 እ.ኤ.አ.) ሊያመለክት ይችላል። ካታሎጉ አንዱን ጥራዝ ለቀዳማዊው ሰጥቶት ነበር። ከቀጣዩ መስመር ላይ ግን የንጉሡ እናት ወለተ ጊዮርጊስ ተጠቅሳለች፤ ይህ የምንትዋብ ስም ነው፣ ስለዚህ ዘመኑ የልጇ የዳግማዊ ኢያሱ ነው።  የጳጳሱ ስም ሲኖርም እንዲሁ ይለያል፤ ሲኖዳ ወይም ማርቆስ ከሆነ የመጀመሪያው፣ ክርስቶዶሉ ወይም ዮሐንስ ከሆነ የሁለተኛው።

ከተፋቁት ስሞች ሁሉም አልተነበቡም። በኢንፍራሬድ ከታዩት አምስት ቦታዎች ሁለቱ ላይ ብቻ ፊደላት ወጡ፤ ከሁለቱ በአንደኛው ላይ የወጣው የአንድ የጣና ደሴት ገዳም ስም ነው። በሌላው ላይ የወጣው የሰው ስም ብቻ ነው። የገዳሙ ስም የተጻፈበት ቅጠል የመጀመሪያው ክፍል አካል መሆኑን፣ ክሩም በመሃሉ እንደሚያልፍ አጣርታ ጻፈች። ይህ ካልተጣራ ንባቡ ብቻውን ብዙ አያስኬድም ነበር።

እንዲህ ያለ ግኝት በጥንቃቄ መያዝ አለበት። የገዳም ስም መገኘቱ መጽሐፉ አንድ ጊዜ እዚያ እንደነበር ያሳያል፤ መቼና እንዴት እንደወጣ፣ ተሽጦ ይሁን ተሰርቆ ወይም በስጦታ፣ አይናገርም። መምህርቷ የጻፈችው የባለቤትነት ታሪክ መግለጫ ያየችውን ብቻ ይዘረዝራል፤ ለስብስቡ ኃላፊ በጽሑፍ ሰጠችው፣ ግልባጩን ለዩኒቨርሲቲዋ አስገባች፣ ለገዳሙ አበምኔት ደግሞ ሀገረ ስብከቱ በኩል አደረሰች። ሴት በማይገባበት ደሴት መልእክቱ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ፌሎሺፑ በመጨረሻ አንድ የሕዝብ ንግግርና ባለ 2 ገጽ ሪፖርት ይጠይቃል። እርሷ ከሪፖርቱ ጋር ያየቻቸውን ጥራዞች የታረመ ካታሎግ መግለጫ አስገባች፤ ርእስ፣ የቅጠልና የክፍል ብዛት፣ ልክ በሚሊሜትር፣ የማስታወሻዎቹ የግእዝ ቅጂ ከነትርጉሙ። ቤተ መጻሕፍቱ መዝገቡን ሲያርም የማረሚያውን ባለቤት ስም በመዝገቡ ውስጥ እንዲጽፍ ጠይቃ ተፈቀደላት። ይህ በኋላ በሌላ ፌሎሺፕ ማመልከቻ ላይ ሊጠቀስ የሚችል ሥራ ነው። የተቆረጠውን ግብር ልዩነት ለማስመለስ በቀጣዩ ዓመት 1040-ኤንአር የተባለውን የውጭ ዜጎች የግብር ቅጽ መሙላት ይቻላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገውን የግብር መለያ ቁጥር ግን እዚያው እያሉ ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር ሆኖ መጠየቅ ይቀላል፤ ከባሕር ዳር በፖስታ ሲሆን ወራት ይወስዳል።